ለወጣት የክሪኬት መቺዎች፦ የካምብሊን ታሪክ አጣምሜ ነግሬያችኋለሁ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ከልምምድ በኋላ የእግር መከላከያ ፓዷን እየፈታች፣ «ጋሼ፣ ተሰጥኦ ከሌለኝ ብለፋ ምን ዋጋ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። አብራት የጀመረችው ጓደኛዋ ብዙም ሳትለማመድ ኳሷን በባቷ (በመምቻ እንጨቷ) መሀል ታገኛታለች። እሷ ግን በሳምንት አራት ቀን እየመጣችም ኳሷ የባቷን ጠርዝ እየላሰች ታልፋለች። የመለስኩላት ሁላችሁም በቃላችሁ የያዛችሁትን ነው፤ በርቺ፣ ልፋት ተሰጥኦን ያሸንፋል፣ የሁለቱን ሕንዳውያን መቺዎች፣ የቴንዱልካርንና የካምብሊን ታሪክ አትርሺ። አንገቷን ነቀነቀችና ሄደች። አላመነችኝም። ልክ ነበረች።

ያን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገርኳችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። ጆሮ የሚይዝ ታሪክ ነው፤ ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዱ፣ ካምብሊ፣ ተሰጥኦውን አምኖ ተኛ፣ ሌላው፣ ቴንዱልካር፣ ለፍቶ ዓለምን ያዘ። ያማረ ስለሆነ ሳልመረምረው ኖርኩ። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ታሪኩ እኔ በምነግራችሁ መንገድ አልቆም አለኝ። በስንት ልጅ ፊት የሰው ስም በከንቱ አንስቻለሁ፤ ይህ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከምክሩ ይልቅ እርማቱ ይበዛል።

ከሜዳው ዳር ፔርሙስና ዳቦ ይዛችሁ የምትጠብቁ ወላጆችም ታነቡታላችሁና ጨዋታውን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ወርዋሪው ክንዱን ዘርግቶ ኳሷን ይለቃል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች፣ ስታምፖቹን፣ በባቱ ይጠብቃል፤ መትቶ ከወዲህ ወዲያ በሮጠ ቁጥር ራን ይቆጠርለታል። ከስታምፕ እስከ ስታምፕ 20.12 ሜትር ነው። የእግር ኳስ አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ በአሥራ አንደኛው ቢያገባ ትከሻ ላይ ይወጣል። መቺ ግን አንዴ ስቶ ኳሷ ስታምፑን ከመታችበት ወይም የመታትን ኳስ መሬት ሳትነካ ከያዙበት ወጣ ነው፤ የቀረውን ቀን ቁጭ ብሎ ጓደኞቹን ያያል። ልጃችሁ ቤት ሲገባ ፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው፤ «ጨዋታ አይደል እንዴ» አትበሉት። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው ለገና ነው።

አሁን ወደ ሕንዷ ከተማ ቦምቤይ፣ ወደ ዛሬዋ ሙምባይ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጊዜው ፌብሩዋሪ 1988 ነው። አዛድ ማይዳን የሚባለው ሜዳ እንደኛ ጃን ሜዳ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጨዋታ ይካሄድበታል፣ የአንዱ ጨዋታ ተከላካይ ከሌላው ጨዋታ ተከላካይ ጋር ጀርባ ለጀርባ ይቆማል። ሃሪስ ሺልድ በሚባለው የትምህርት ቤቶች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ሻራዳሽራም ቪድያማንዲር ከሴንት ዛቪየርስ ጋር ይጫወታል። ሁለት መቺዎች ከሻራዳሽራም ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ ተገናኙ። ግራኙ ቪኖድ ካምብሊ 16 ዓመቱ ነው፤ ሳቺን ቴንዱልካር 14። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስወጣቸው አልቻለም። የአሠልጣኛቸው የራማካንት አችሬካር ረዳት ከዳር ሆኖ «ይበቃል፣ አቁሙና እነሱ ይምቱ» እያለ ይጣራል፤ ልጆቹ ድምፁን እየሰሙ ወደዚያ አቅጣጫ አያዩም። እንደ እናንተ፣ እናታችሁ ለምሳ ስትጠራችሁ።

ሲያበቃ ሁለቱ ሳይወጡ አብረው 664 ራን ሠርተዋል። ቡድኑ ሁለት ሰው ብቻ ወጥቶበት 748 ራን ነው። ካምብሊ 349፣ ቴንዱልካር 326። ልብ በሉ፣ በዚያ ቀን የበለጠው ካምብሊ ነው። በዚያ ላይ ተራው ሲገለበጥ ኳስ ይዞ 37 ራን ብቻ ሰጥቶ ስድስት ሰው አስወጣ። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ስነግራችሁ ሰምታችሁ አታውቁም። ለታሪኬ አይመቸኝም ነበርና።

እኔ ከዚህ በኋላ እንዲህ ነበር የምቀጥለው። ካምብሊ በክልሎች ውድድር፣ በራንጂ ትሮፊ፣ የገጠመውን የመጀመሪያ ኳስ በአየር ከሜዳው ጠርዝ አሳልፎ ለስድስት ራን መታት፤ እዩት፣ ሁሉ ነገር ቀለለው። ቴንዱልካር ግን በየቀኑ በመረብ በታጠረው መለማመጃ፣ ኔት ውስጥ፤ አችሬካር በመሀለኛው ስታምፕ ላይ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጥለታል፣ ያስወጣው ወርዋሪ ሳንቲሟን ይወስዳል፣ ሳይወጣ ከጨረሰ የእሱ ናት፤ እስከ ዛሬ ያስቀመጣቸው 13 ሳንቲሞች አሉት። አንዱ በ23 ዓመቱ ከቴስት ክሪኬት፣ አምስት ቀን ከሚፈጀው የአገሮች ጨዋታ፣ ተሰናበተ፣ አንዱ 200 ቴስት ተጫውቶ 100 ዓለም አቀፍ መቶዎች (በአንድ ተራ መቶ ራንና ከዚያ በላይ) ሠራ። ነጥብ። ተማሩ።

እስቲ የዘለልኩትን ልሙላ። ካምብሊ በቴስት በአማካይ 54.20 ራን ሠርቷል፤ ቴንዱልካር 53.78። አዎ፣ ካምብሊ ይበልጣል። 17 ቴስት ከ200 ጋር አይወዳደርም ትሉኛላችሁ፤ እሺ። ነገር ግን በ1993 መጀመሪያ ቦምቤይ ላይ በእንግሊዝ 224፣ በሚቀጥለው ወር ዴልሂ ላይ በዚምባብዌ 227፣ በዚያው ዓመት ስሪላንካ ሄዶ ሁለት መቶዎች ጨመረ። አንድ ሺህ ራን ለመሙላት የፈጀበት 14 ጊዜ ለመምታት መግባት ብቻ ነው። ተኝቶ ይህን የሚሠራ ሰው የለም። ልጅ እያለም ከካንጁርማርግ የሠራተኛ ሰፈር ተነስቶ፣ በቦምቤይ የከተማ ባቡር፣ ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድበት ባቡር፣ የክሪኬት ሻንጣውን ተሸክሞ ነበር ወደ ልምምድ የሚመጣው። ሙሉ ሻንጣ ተሸክማችሁ በሰው መሀል ተጋፍታችሁ ታውቃላችሁ? ከመምታቱ በፊት ያለው ልፋት ነው እሱ።

ቴንዱልካር በተቃራኒው ብዙ ነገር ተመቻችቶለት ነበር። ታላቅ ወንድሙ አጂት ነው እጁን ይዞ አሠልጣኙ ዘንድ ያደረሰው። ከሺቫጂ ፓርክ ሜዳ አጠገብ እንዲሆን ዘመዶቹ ቤት ገባ። አችሬካር በስኩተር ከኋላ ጭኖ ከአንዱ ጨዋታ ወደሌላው ያዞረዋል፤ አንዱ ሜዳ ላይ ከወጣ ሌላው ላይ ይመታል። ስለዚህ «ልፋት» ብዬ የጠራሁት ነገር ግማሹ ቤተሰብ፣ ስኩተርና የቤት አድራሻ ነበር። ደግሞ ተሰጥኦውስ? በ16 ዓመቱ ፓኪስታን ሄዶ ከፈጣኖቹ ወርዋሪዎች ከኢምራን ኻን፣ ከዋሲም አክራምና ከዋቃር ዩኒስ ፊት ቆመ። ሲያልኮት ላይ የዋቃር ኳስ አፍንጫውን መታችው፤ ደሙን ጠርጎ ቀጠለና 57 ሠራ። ያን ወኔ የትኛው ኔት ነው የሚያስተምረው? እኔ እንጃ።

ታዲያ ምን ለያቸው? ስለ ካምብሊ ጠባይ ብዙ ተብሏል፣ እኔም ደጋግሜዋለሁ፤ ከእንግዲህ አላነሳውም። እንደ ባቲንግ አስተማሪ የማየው አንድ ነገር አለ። በ1994 መጨረሻ የዌስት ኢንዲስ ቡድን ሕንድ መጣ። ወርዋሪዎቹ ኮርትኒ ዋልሽና ኬኒ ቤንጃሚን ኳሷን ከፒቹ፣ በሁለቱ ስታምፖች መካከል ካለው መሬት፣ መሀል እያነሱ ወደ ጎድኑና ወደ ጉሮሮው ላኩበት፤ ተቸገረ። ያቺ የድክመቱ ቀዳዳ ታወቀች። የመጨረሻ ቴስቱ ኖቬምበር 1995 ላይ ነው፤ 24 ዓመት አልሞላውም። በአንድ ቀን በሚያልቁት ጨዋታዎች ለዓመታት ቆየ፣ ወደ ቴስት ግን አልተመለሰም። ተሰጥኦ ነበረው። ለፍቷል። ያቺ አንዲት ቀዳዳ ግን ሳትደፈን በሩ ተዘጋ።

ቀዳዳ ሁሉም ሰው አለው። ሕንዳዊው መቺ ቪራት ኮህሊ በ2014 እንግሊዝ ሄዶ 10 ጊዜ ለመምታት ገብቶ በድምሩ 134 ራን ነበር የሠራው፤ የእንግሊዙ ወርዋሪ ጂሚ አንደርሰን ወደ ውጭ በምትጠመዘዝ ኳስ አራት ጊዜ አስወጣው። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ በአምስት ቴስት 593 ሠራ፤ አንደርሰን አንዴም አላስወጣውም። በመሀል የዋለው ልፋት «ብዙ ኳስ መምታት» አልነበረም። የእግሩን ርቀት አሰፋ፣ ዳሌው ያለጊዜው ወደ ወርዋሪው እንዳይከፈት አስተካከለ፣ ኳሷ ሳትጠመዘዝ እንዲያገኛት መቺ ከሚቆምበት መስመር ወደፊት ወጥቶ ቆመ። ግን ኮህሊ ከዚያ መዓት በኋላ ቦታው አልተነጠቀም፤ አራት ዓመት ተሰጠው። ካምብሊ ያን ያህል ጊዜ አላገኘም። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ልነግራት ይገባኝ የነበረው ይህ ነበር፤ ቀዳዳሽን እወቂ፣ ጊዜ ሳያልቅ እሷን ብቻ ሥሪባት፣ የሚያሳይሽ ሰውም ፈልጊ።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት እዚህ አላመጣባችሁም። ዕንቁላሉ ካልታቀፈ ይገማል እንጂ አይሄድም። የተበላሸ ምት ሺህ ጊዜ ብትደግሙት የተበላሸ ምት በደንብ ትችላላችሁ።

ተሰጥኦ የምትሉትን ነገር እንመልከተው። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ እናንተ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ወስኖ፣ እጅ አቅጣጫ ለመቀየር በትንሹ 0.2 ሰከንድ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ኳሷ ወደ ሰባት ሜትር ትጓዛለች። ደህና ወርዋሪ ኳሷን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው፣ ከስታምፑ ስድስት እስከ ስምንት ሜትር። ማለትም ነጥራ ከዞረች በኋላ የምታደርጉት ማስተካከያ እጅግ ትንሽ ነው። ማንም ሰው፣ ቴንዱልካርም ቢሆን፣ ኳሷን «እስከ ባቱ አይቶ» አይመታም። አስቀድሞ ገምቶ ነው የሚመታው። በ2000 ማይክል ላንድና ፒተር ማክሊዮድ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ችሎታቸው የተለያየ ሦስት መቺዎችን የዓይን ካሜራ አጥልቀውላቸው ነበር። ሁሉም ኳሷ ስትለቀቅ ያያሉ፣ ከዚያ ዓይናቸው ከኳሷ ቀድሞ ልታርፍበት ወዳለው ቦታ ይዘላል፣ እዚያ ይጠብቃታል። የተሻለው መቺ ዓይን ቀድሞ ይዘላል። ልዩነቱ ግመታው ላይ ነው።

ዓይን ራሱ ምን ያህል ይወስናል ብትሉ፣ የፓታውዲው ናዋብ (መስፍን) መንሱር አሊ ኻን በ1961 በመኪና አደጋ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቶ ወራት ሳይቆይ ለሕንድ ቴስት ተጫወተ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ21 ዓመቱ አምበል ሆነ። አውስትራሊያዊው መቺ ዶን ብራድማንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠራዊቱ ሲመረመር ዓይኑ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። የብራድማን አማካይ 99.94 ነው፤ ከሱ በኋላ የመጣ ማንም አልቀረበውም። በ1948 ለንደን ኦቫል ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገባ አራት ራን ብቻ ቢያገኝ 100 ይሞላለት ነበር፤ የእንግሊዙ ወርዋሪ ኤሪክ ሆሊስ በሁለተኛዋ ኳስ በዜሮ አስወጣው። ይህን ለምን እዚህ አመጣሁት? ደስ ስለሚለኝ ነው።

ቁም ነገሩ ብራድማን ልጅ እያለ ባውራል በምትባል ትንሽ ከተማ ያደረገው ነው። ከቤታቸው ጓሮ የውሃ ጋን የተቀመጠበት የጡብ መሠረት ነበር። የጎልፍ ኳስ ጡቡ ላይ ይወረውራል፣ ስትመለስ በስታምፕ ይመታታል። ባት 10.8 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ስታምፕ የዚያ ሲሶ ነው። የጎልፍ ኳስ ከጡብ ላይ በየት በኩል እንደምትመለስ አይታወቅም። አሠልጣኝ የለም፣ የሚያይ የለም። ሰዎች ሲድኒ ላይ ሲያዩት «ተፈጥሮው ነው» አሉ። እነሱ ያላዩት ጋኑን ነው። የልጅቷ ጓደኛ ስትመጣ «ዝም ብላ ትመታለች» የምትሏት፣ አራት ወንድሞቿ በጓሮ በቴኒስ ኳስ ስንት ዓመት እንዳስለፏት ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?

ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በዕረፍት ቀን ከፎቆቹ ኋላ ባለው አሸዋማ ባዶ ቦታ ፓኪስታኖቹ፣ ሕንዶቹና ባንግላዴሾቹ የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልለው ይጫወታሉ። ቴፕ ቦል ፈጣን ናት፣ ዝቅ ብላ ትንሸራተታለች፣ አንዱ ጎኗ ብቻ ከተጠቀለለ በአየር ላይ ትጠመዘዛለች። ሂዱና አስገቡን በሏቸው። አንድ ወር እዚያ መቆም ከውድ ጓንት ይበልጣል። የዘንድሮ ልጆች ግን መጀመሪያ ጓንቱን ነው የምትገዙት። ስልካችሁ ላይ ስድስት ሲመታ ብቻ ታያላችሁ፤ ከዚያች ምት በፊት መቺው የተዋቸውን ሃያ ኳሶች የቆረጠባችሁን ሰው አትጠይቁትም።

ልፋታችሁን የት እንደምታውሉት ልንገራችሁ። ሄልሜት አድርጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቀድማችሁ ተኙ የሚለውን እዘለዋለሁ፤ እናቶቻችሁ ይበቋችኋል።

መጀመሪያ ማንበብ። ባታችሁን አስቀምጡና ከመቺው ኋላ ከኔቱ ውጭ ቁሙ። ወርዋሪው ኳሷን ሲለቅ፣ ሳትነጥር፣ ጮክ ብላችሁ «አጭር» (ከመቺው ርቃ የምታርፍ) ወይም «ረጅም» (እግሩ ሥር የምታርፍ)፣ «ውስጥ» ወይም «ውጭ» በሉ። ሠላሳ ኳስ፣ በወረቀት መዝግቡ። መጀመሪያ ላይ ከግማሽ በላይ ብትሳሳቱ አትደንግጡ። የምታዩት ወርዋሪው ሮጦ ሲመጣ ፊቱን አይደለም፣ ኳሷ የምትለቀቅባትን ቦታ ነው፤ ከጆሮው በላይ ያለችውን የአየር ሳጥን በሏት። የኳሷ ስፌት ወዴት አዘነበለ? የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ እግራችሁ በኩል ከሆነ ኳሷ ወደ ውጭ ልትጠመዘዝ ነው፤ ወደ ውጭ በኩል ከሆነ ወደ እናንተ። ወርዋሪው ኳሷን በእጅ አንጓው የሚያሽከረክር ከሆነ የእጁ ጀርባ ወደ እናንተ ዞሮ ከታየ ኳሷ በተቃራኒው ትዞራለች።

ስለዚህም ኳስ የሚተፋውን ማሽን ስትወዱ አልወድላችሁም። ማሽን ክንድ የለውም፣ አንጓ የለውም፤ ዓይናችሁ ማንበብ ያለበትን ሁሉ ይሰውራል። በዚያ ላይ በአንድ ቦታ ስለሚያሳርፍ ሃምሳዋንም መሀል ለመሀል ትመቷታላችሁ፣ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አዲስ ምት እጃችሁ እንዲለምደው ሃያ ኳስ፣ ከዚያ አጥፉት። ሰው ይወርውርላችሁ፤ አባታችሁ ከ16 ሜትር ላይ በእጁ ቢወረውር ይሻላል፣ ተሳስቶ ቢወረውር የበለጠ ይሻላል።

ሁለተኛው የካምብሊ ቀዳዳ ነው፣ አጭር ኳስ፤ ወደ ደረትና ወደ ጉሮሮ የምትነሳው። እዚህ ላይ ረጅም እሆናለሁ። አሥራ ሁለት የቴኒስ ኳስ አምጡ፣ በወፍራም ማርከር ቁጥር ጻፉባቸው፣ ውሃ ውስጥ ንከሯቸው። ሲሚንቶ መሬት ፈልጉ፤ እርጥብ ኳስ በሲሚንቶ ላይ ትፈጥናለች። ጓደኛችሁ ከ12 ሜትር ላይ በቴኒስ ራኬት እየመታ ደረታችሁ ላይ ያንሳባችሁ። ሄልሜት ለዚህም አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ያለ ባት ነው። ሥራችሁ ማምለጥና ቁጥሩን መጥራት ብቻ ነው። ቁጥሩን ያልጠራ ሰው ኳሷን አላያትም፤ አይቆጠርለትም። የምታመልጡት ወገብን ወደ ኋላ በመለመጥ ወይም ጉልበትን አጥፎ ዝቅ በማለት ነው፤ ጭንቅላታችሁ ግን አይዞርም። ሃያዎቹን ሳትፈሩ ከጨረሳችሁ ባቱን ያዙና እጃችሁን ወደ ጉልበት አውርዳችሁ ኳሷን ሳትነኩ አሳልፏት። ከዚያ በኋላ ብቻ ምቱ፤ የኋላ እግር ወደ ኋላና ወደ ውጭ በኩል፣ ጭንቅላት ከኳሷ መስመር፣ ክንድ ተዘርግቶ፣ አንጓ ተጠቅልሎ ኳሷ ወደ መሬት እንድትሄድ። አንጓው ካልተጠቀለለ ኳሷ ሽቅብ ትወጣና ይይዟታል።

ምን ይበላሻል? አራት ነገር አያለሁ። አንደኛ ፊትን ወደ እግር በኩል ማዞር፤ ኳሷን ያላየ ሰው ማምለጥ አይችልም፣ ጭንቅላቱ ላይ የሚመታውም እሱ ነው። ሁለተኛ ባቱን ከፊት እንደ ጋሻ ማንሳት፤ ኳሷ ጓንቱን ነክታ ወደ ቀረበው ተከላካይ ትሄዳለች። ሦስተኛ በሁለት እግር መዝለል፤ በአየር ላይ ያለ ሰው ወዴትም መሄድ አይችልም። አራተኛው የከፋው ነው፣ አጭር ትመጣለች ብሎ ቀድሞ የኋላ እግር ላይ መቀመጥ። ወርዋሪው ይህን ካየ ቀጣዩን እግር ሥር ያሳርፈዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሃምሳ ኳስ፣ ለስምንት ሳምንት። ከዚያ በላይ በአንድ ቀን አትሥሩ፤ የደከመ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ መጨፈንን ይለምዳል።

ባታችሁ ከከበደ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ቴንዱልካር ከባድ ባት ይይዝ ነበርና እኛም ትሉኛላችሁ፤ እናንተ ቴንዱልካር አይደላችሁም። ባቱን በላይኛው እጃችሁ ብቻ ይዛችሁ ወደ ፊት ዘርጉት፤ አሥር እስክትቆጥሩ ጫፉ ከወረደ ይከብዳችኋል። በዚያው እጅ ብቻ ሃያ የተጣለ ኳስ ወደ ወርዋሪው ቀጥ አድርጋችሁ ምቱ። የታችኛው እጅ የሚጎትት ከሆነ ባቱ ይጣመማል፣ ኳሷ በጠርዙ ትወጣለች።

አለመምታትም ይለመዳል። ቴንዱልካር በጃንዋሪ 2004 ሲድኒ ሲገባ ከስታምፕ ውጭ ያለችውን ኳስ ከቨር ወደሚባለው የሜዳው የፊት ጎን ሲመታ ደጋግሞ ወጥቶ ነበር። ያን ምት፣ ያማረውን ምቱን፣ ተወው። 436 ኳስ ገጠመ፣ 241 ሠራ፣ ሳይወጣ ጨረሰ። የናንተ ኔት ግን ሁሉን የመምቻ ቦታ ሆኗል። በአሥር ደቂቃ ስድስት ጊዜ ወጥታችሁ ሰባተኛውን ትመታላችሁ። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች የአችሬካርን አድርጉ፤ ሳንቲም ስታምፑ ላይ አስቀምጡ፣ ዶላርም ይሁን ድርሃም፣ ከወጣችሁ ሳንቲሙን ለወርዋሪው ሰጥታችሁ ውጡ። ኔቱን ተሰናበቱ። አንዴ በሁለተኛዋ ኳስ ስትሰናበቱ ልምምድ ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ስልካችሁን ሰደብኩት መሰለኝ። በእርግጥ አንድ ነገር ይጠቅማል፤ ከጎን ሳይሆን ከወርዋሪው ኋላ ሆናችሁ በዝግታ ቅረጹና ኳሷ በተለቀቀችባት ቅጽበት አቁሙት። ጭንቅላታችሁ ወደ ውጭ ወድቋል? የፊት እግራችሁ መሬት ይዟል? የኔ ትውልድ ይህን ቢያገኝ ኖሮ።

ደግሞ ላምታታችሁ። ይህን ሁሉ ብዬም፣ አንዳንድ ልጅ አለ። ባት ያዢ ሲሏት ስትይዝ እጇ ልስልስ ነው፤ ኳሷን አትመታትም፣ ትቀበላታለች። ጋንም ወንድምም የለም፣ ጠይቄያለሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስለዚህ ተሰጥኦ የለም የሚላችሁን ሰው፣ እኔም ብሆን፣ አትመኑት፤ አለ። ኳስ ወደ ደረቷ ሲነጥርባት ግን ማየት ነው።

አሁን ለጠየቅሽኝ ላንቺ። ሰሞኑን ቪዲዮሽን አይቼዋለሁ። ልፋትሽ አላነሰም፣ እጅሽም ደህና ነው። የፊት እግርሽ ወርዋሪዋ ኳሷን ሳትለቅ መሬት ይረግጣል፤ ከረገጠ በኋላ ኳሷ ወዴትም ብትሄድ አንቺ እዚያው ነሽ፣ እጅሽ ብቻ ይከተላታል። ጠርዙ የሚላሰው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ሠላሳ እወረውርልሻለሁ፤ አሥሩን እጄን አንስቼ አልለቅም። ባልለቀቅኳት ኳስ እግርሽ ከተነቃነቀ አንድ ይቆጠርብሻል፣ ከአሥር ስንት እንደሆነ እንጽፋለን፣ በየሳምንቱ። ክብደትሽን በሁለቱ እግር እኩል አድርጊ፣ ተረከዝሽ በትንሹ ይነሳ፣ እስክለቅ አትነቃነቂ።

የቴኒስ ኳሶቹን እርጥብ አድርገሽ፣ ቁጥር ጽፈሽባቸው ነይ። ጓደኛሽንም ይዘሻት ነይ፤ እስካሁን ደረቷ ላይ ኳስ ያነሳባት ሰው የለም።